ሦስት አስተኝቼ መጣሁ

(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ረዳት ያደረገችው ንግግር)

የማኅበሩ ልጆች ደውለው «ስለ ሥራሽ ተናገሪልን» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ነበር ያልኩት። ስለ ውሻና ስለ ድመት ለሽማግሌ ምን ይወራል ብዬ። በኋላ እናቴ ትዝ አለችኝና እሺ አልኩ። ለምን እሷ ትዝ እንዳለችኝ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በአማርኛ የከብት ሐኪም ብንልም እኔ ያለሁበት ክሊኒክ ከብት ገብቶ አያውቅም። የሚመጣው ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸል፣ አልፎ አልፎ በቀቀን ነው። ደም እቀዳለሁ፣ ራጅ አነሳለሁ፣ ቀዶ ጥገና ሲኖር ማደንዘዣውን እከታተላለሁ። የተረበሸ ውሻ እይዛለሁ፤ የተረበሸ ባለቤትም እይዛለሁ፤ ሁለተኛው ይከብዳል።

ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። ማታ ስገባ እንጀራውን እያቀረበች «ዛሬ ምን ሠራሽ የኔ ልጅ?» ትለኛለች። አማርኛዬ እንደምትሰሙት የቤት አማርኛ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር። አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ ገባሁና «እማዬ፣ ዛሬ ሦስት ውሻ አስተኝቼ መጣሁ» አልኳት።

ልጆቹ ገብቷችኋል። ለወላጆች ልተርጉም። መዳን የማይችል እንስሳ ከስቃዩ እንዲያርፍ በመርፌ እንዲሞት ሲደረግ በዕብራይስጥ «ለሃርዲም» ይባላል፤ ማስተኛት ማለት ነው። እኔም ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ አመጣሁት። እናቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጎሽ! ተኙልሽ?»

ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን «አዎ፣ ተኙ» ብዬ እጄን ታጥቤ በላሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ እናቴ ሥራዬ ውሻን እሹሩሩ ማለት ይመስላት ነበር። ለጎረቤት ሳይቀር «ልጄ የፈረንጅ ውሻ ታስተኛለች፤ ደመወዝም ይከፍሏታል» ትል ነበር። እኔም አላረምኳትም። አንደኛ፣ በአማርኛ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሁለተኛ፣ ብነግራት «እንዴ! ለውሻ ነው እንዴ የምታዝኚው?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። በእኛ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው።

ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ ትንንሽ ልጆችም ስላላችሁ በልኩ። ብዙውን ጊዜ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የኖረ ውሻ ነው። ኩላሊቱ ደክሟል፣ ወይም ዕጢው ሳንባው ድረስ ሄዷል። ቤተሰቡ አብሮ ይገባል፤ አንዳንዴ አያትየዋም ሳትቀር። በመጀመሪያ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከዚያ እኔ የፊት እግሩን እይዛለሁ፣ አውራ ጣቴን ደም ሥሩ ላይ አድርጌ። እጄ ከተንቀጠቀጠ መርፌው ይስታል፤ ስለዚህ አይንቀጠቀጥም። ሐኪሟ ልቡን አዳምጣ ራሷን ትነቀንቃለች። ዓይኑ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ይህን ለባለቤቶቹ አስቀድመን እንነግራቸዋለን፤ ካልነገርናቸው ይደነግጣሉ።

ከዚያ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ እወጣለሁ። የሚቀጥለውን በር ስከፍት የሁለት ወር ቡችላ ለክትባት ጠረጴዛው ላይ ቆማ ጭራዋን ትቆላለች። አንዲት ትንሽ ልጅ «ስሟን ልንገርሽ?» ትለኛለች። እኔም ፈገግ ብዬ «ንገሪኛ!» እላታለሁ። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ኮሪደር ስምንት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለዚያች ስምንት እርምጃ ነው ብትሉኝ አትሳሳቱም።

ሌላው የሚከብደው ገንዘብ ነው። ለእኛ ለሰዎቹ ቁፓት ሖሊም አለን፤ ለድመት ግን ቁፓት ሖሊም የለም፣ አብዛኛው ከኪስ ነው። ወንድ ድመት ሽንቱ ሲዘጋ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ካልታከመ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል፤ ከታከመ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ሕክምናው ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሸቀል ነው። አንድ ጊዜ ገና ከውትድርና የወጣ ልጅ ድመቱን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ዋጋውን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆመ። በክፍያም ሞከርን፣ አልሆነም። በመጨረሻ የሚድን ድመት ነው የያዝኩት እጄ ላይ። አንድሩ ጄምተን የሚባል የሥነ ምግባር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች ሲጽፍ ለዚህ ስም አውጥቶለታል፤ ትክክሉን እያወቁ፣ ያንን ማድረግ ግን ሳይቻል ሲቀር የሚመጣ የኅሊና ጭንቀት ብሎ። እኔ ስሙን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሜቱን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ይሄዳል? እናቶቻችን «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ። እኔም በሆዴ ያዝኩት። ሆድ ደግሞ እውነትም ይፈጃል፤ ግን የሚፈጀው ያስቀመጥክበትን ነገር ብቻ አይደለም። በአራተኛው ዓመት አካባቢ ማልቀስ አቆምኩ። በጣም ጎበዝ ሆንኩ ብዬ ነበር። ጓደኞቼም «አንቺ ብረት ነሽ» ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ማታ ታናሽ ወንድሜ በባግሩት የሒሳብ ፈተና ወድቆ እያለቀሰ መጣ። አየሁት። ምንም አልተሰማኝም፤ እንደ ግድግዳ። «ለሒሳብ ነው እንዴ የምታለቅሰው?» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የደነገጥኩት፤ እናቴ ትለኛለች ብዬ የፈራሁትን እኔው ወንድሜን አልኩት። እሱ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እዚህም ስላለ ይቅርታ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

ይህም ስም አለው። ካርላ ጆይንሰን የምትባል ነርስ እ.ኤ.አ. በ1992 በነርሶች መጽሔት ላይ ስለዚህ ስትጽፍ የርኅራኄ ድካም ብላ ጠርታዋለች። የሌላውን ሕመም ሲሸከም የኖረ ሰው ርኅራኄው እንደ ጉድጓድ ውኃ ይጎድላል። እንቅልፍ ይሄዳል፤ ወይም ደግሞ ቅዳሜን ሙሉ ሲተኙ ውሎ አይበቃም። በማይሳቅበት መሳቅ ይመጣል። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ መናደድ ይመጣል። ሰነፍ ሰው ይህ አይደርስበትም፤ የሚደርሰው በሚያስብ ሰው ላይ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልናገርና ልለፍ፤ ወላጆች ስላላችሁ ነው የምናገረው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ1979 እስከ 2015 የሞቱ የእንስሳት ሐኪሞችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ድርሻ ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በሴቶቹ 3.5 እጥፍ፣ በወንዶቹ 2.1 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ የተማሩ፣ እንስሳ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ሰው ወደዚያ የሚደርሰው በአንድ ምክንያት አይደለም፤ ረጅም ሰዓት አለ፣ ዕዳ አለ፣ ብቸኝነት አለ። ግን እርዳታ የጠየቀ ሰው ይሻለዋል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም ሰው፣ በማንኛውም ሥራ ላይ ያለ፣ ሐሳቡ ወደዚያ ከሄደ በ1201 ዔራን አለ፤ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፣ ስም አይጠይቁም። በውትድርና ያላችሁ ደግሞ ቃባን የሚባል አለላችሁ። ወደ ቃባን የሄደ ልጅ አበደ ማለት አይደለም። ይህን የምለው ለአባቶች ነው።

አሁን ወደ ዘቢቡ ልምጣ። የወንድሜ ነገር ካስደነገጠኝ በኋላ በሥራ ቦታ አንድ ሳድና ተዘጋጀልን፤ በዕብራይስጥ ቀሺቩት፣ ብዙዎቹ ግን ማይንድፉልነስ ነው የሚሉት። እኔ በአማርኛ ቀልብን መሰብሰብ እለዋለሁ፤ ቄሶቻችን የተሻለ ቃል ካላችሁ አርሙኝ። ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የስምንት ሳምንት ትምህርት አለ፤ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነበር የጀመረው። አሠልጣኟ ከዚያ የተወሰደ ነው ብላ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ዘቢብ ሰጠችን። እዩት፣ ዳስሱት፣ አሽትቱት፣ ገና አትብሉት። እኔ እናቴን አሰብኩና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ብታየኝ «ይህን ለማየት ነው እንዴ ደመወዝ የሚከፍሏችሁ?» ነበር የምትለው።

በኋላ ግን እናቴ ቡና ስታፈላ ልብ ብዬ አየኋት። ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ጭሱን ወደ እኛ ታዞራለች፣ ትወቅጣለች። ስልክ ቢጠራ አታነሳም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ሐሳቧ ሌላ ቦታ የለም። እናንተ ቤት ውስጥ ዘቢቡ በየቀኑ ነበር ለካ። ይህን ስል ግን እናቶቻችን ሁሉን ነገር ያውቁ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ቡናውን አፍልተውም በሆዳቸው የያዙት ብዙ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከሳድናው ለእኔ የቀረልኝ አንድ ነገር ነው፤ የበር እጀታ። ክፍሉን ዘግቼ ስወጣ እጄን ከእጀታው ላይ ቶሎ አላነሳም። ሁለቱ እግሮቼ ወለሉን መርገጣቸውን ልብ እላለሁ። በአፍንጫዬ አንድ ጊዜ ትንፋሽ እስባለሁ፤ ሳወጣው ከሳብኩት ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ቀስ ይላል፤ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ፣ እሱ ነው የሚያረጋጋው። ስለዚህ ጥንቆላ አይደለም፣ የአካል ሥራ ነው። ከዚያ በልቤ «ይህ ሞቷል፤ ስሙ እንዲህ ነበር፤ አዝኛለሁ» እላለሁ። ሁለተኛው በር ላይ ስደርስ ደግሞ «ይህች ቡችላ ናት፤ እሷ ምንም አላደረገችም» እላለሁ። አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሐዘኑን አያጠፋውም፤ እንዲያውም እንዲሰማኝ ያደርጋል፤ እኔ ስሸሸው የነበረውን። በመጀመሪያው ሳምንት ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ሐኪሟ አይታ መሐረብ ሰጠችኝና «ተመለስሽ» አለችኝ።

እጅ መታጠብም ይረዳኛል። መታጠቡ የግድ ነው፤ ስለዚህ ያቺን ሃያ ሰከንድ ውኃው ላይ ልብ ማለት ነው እንጂ ትርፍ ጊዜ አይጠይቅም።

ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ሳልናገር አልሄድም። ያ ሳድና በተሰጠን በወሩ ሁለት ሠራተኛ ለቀቀ፤ በቦታቸው ሰው አልተቀጠረም። የምሽት ቶራኑት በዛብን። ዘቢብ ሰጥተው ሰው ቀነሱ ማለት ነው። ቀልብን መሰብሰብ የሰው እጥረት አይሞላም። አንድ አለቃ «ተንፍሺ» ሲላችሁ፣ መተንፈሻ ሰዓቱን አብሮ ካልሰጣችሁ፣ በትሕትና ጠይቁት። እኔ ጠይቄያለሁ፤ መልሱ ቶሎ አልመጣም፣ ግን በመጨረሻ በተከታታይ ሁለት ማስተኛት ለአንድ ረዳት እንዳይሰጥ ተስማማን። ከዘቢቡ የበለጠ የጠቀመኝ ይሄኛው ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። አንድ ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ የሰንበትን ምግብ አብረን እየሠራን። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «እማዬ፣ ማስተኛት ማለት እኮ መግደል ነው» አልኳት። «የታመሙት ናቸው። ሐኪሟ ትወጋለች። እግራቸውን የምይዘው እኔ ነኝ።» ሽንኩርቱን መክተፏን አቆመች። ብዙ ቆየች። «ሦስቱም?» አለችኝ። ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያልኳትን ሦስቱን ማለቷ ነው። አልረሳችውም።

ከዚያ እሷ ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከወገራ ወደ ሱዳን ሲነሱ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አያቴ መንገደኛ እንዳይመስል ከብቱን አንድ አንድ እያለ በተለያየ ገበያ ሸጦ ነበር። አንዲት ጥገት ብቻ ቀረች፤ የመነሻው ሌሊት እናቴ ራሷ ነች ከጉረኖ የፈታቻት። ነብሮ የሚባል ውሻ ነበራቸው። ተከተላቸው። ቢጮህ ሁሉም ሰው ሊያዝ ነው። አያቴ በድንጋይ መለሰው። ውሻው ይቆምና እንደገና ይከተላል። በመጨረሻ እናቴን «አንቺን ነው የሚከተለው፣ አንቺው መልሺው» አላት። ወረወረች። አገኘችው። ከዚያ አልተከተለም።

በመንገዱ ላይ የሞቱትን ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን፤ በየዓመቱ እናስባቸዋለን። እናቴም ታናሽ ወንድሟን እዚያ ቀብራለች። ስለ ወንድሟ ስታወራ ሰምቼ አውቃለሁ። ስለ ነብሮ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለአባቴም ጭምር። «ሰው እያለቀ ስለ ውሻ ማን ያወራል?» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ አይደለም።

እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ «ለውሻ ነው እንዴ» ትለኛለች ብዬ የፈራኋት ይህችኑ ሴት ነበር።

ለወላጆች አንድ ነገር ላክል፤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ክፉ ነገርን በደህና ስም መጥራት የዕብራይስጥ ብቻ አይደለም። ከብት የሚፈጀውን በሽታ አባቶቻችን ስሙን «ደስታ» አሉት። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በነበረው በክፉ ቀን ከብቱ በዚህ በሽታ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ከዚያ ሰዉ በረሃብ አለቀ፤ ከእኛ ወገን ያለቀው እጅግ ብዙ ነው። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። በ2011 መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከዓለም ያጠፋው ሁለተኛ በሽታ ነው። ያጠፉት የእንስሳት ሐኪሞችና ክትባቱን በበረሃ ይዘው የዞሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልጃችሁ የእንስሳት ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ስትላችሁ «ለምን የሰው አትሆኚም?» ከማለታችሁ በፊት ቡሬንና ዳለቻን አስታውሱ። ኦሪትም ሰንበትን ስታዝ ከብቱንም በዕረፍቱ ትቆጥራለች፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ትምህርቱን ለምትፈልጉ ልጆች ባጭሩ። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ኮሬት። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ነው፤ መግባቱ ከባድ ስለሆነ ብዙዎች ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ ስሎቫኪያ ኮሺጸ ይሄዳሉ። ረዳትነት ግን ከዚያ ያጠረ መንገድ ነው። ከሁሉም በፊት በትምህርት ቤት የበጎ ፈቃድ ሰዓታችሁ የእንስሳት መጠለያ ሂዱና እዩት። ስትመለሱ ያያችሁትን ቤት ንገሩ። ቃሉ በአማርኛ ካልመጣላችሁ በእጃችሁ አሳዩ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ በሉት፣ ብቻ «ቤሴዴር ነበር» ብላችሁ ክፍላችሁ አትግቡ።

እናቴ እዚህ ናት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው። ይህን ሁሉ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ የነብሮን ስም ግን «ሳትስቺ ንገሪያቸው» ብላኛለች። አሁን የምኖረው ለብቻዬ ነው። ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ዛሬ ምን ሠራሽ ማለቷን ትታለች። «ዛሬ ማን ሞተ? ስሙስ ማን ነበር?» ነው የምትለኝ። እነግራታለሁ፤ ሉና፣ ቶሚ፣ ሲምባ። የፈረንጅ ውሻ ስም አፏ ላይ አልገባ እያላት አጣማ ትደግመዋለች። ማንም ያልሞተበት ቀን ሲሆን ደግሞ «ታዲያ ዛሬ ምን በላሽ?» ትለኛለች፤ ያ ደግሞ ረጅም ወሬ ነው።

ቡናው እየተቆላ ነው፤ ይሸተኛል። እስኪፈላ ድረስ እዚህ አለሁ፣ መጠየቅ የምትፈልጉ ኑ።